ዶክተር ሆሚ ባባና የቶሪየም ነዳጅ

ሕንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ዶክተር ሆሚ ጀሃንጊር ባባ በኦክቶበር 30 ቀን 1909 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው) በቦምቤይ ከተማ ከባለጸጋ የፓርሲ ቤተ ሰብ ተወለዱ። በዚያው ዓመት በደቡብ ሕንድ በትራቫንኮር የባሕር ዳርቻ ሞናዛይት የተባለ፣ ቶሪየም ያዘለ አሸዋ መኖሩ ታወቀ። በዘመኑ ቶሪየም የሚፈለገው ለመብራት ነበር። በመርጡለ ማርያምና በመሰሎቿ የጎጃም ደጋ ከተሞች ኤሌክትሪክ ሳይገባ ሌሊቱን ቀን ያስመስል የነበረው የማሾ ፋኖስ እንኳ፣ በነበልባሉ ላይ የምትንጠለጠለው ነጭ መረቡ አብዛኛው ክፍሏ የቶሪየም ኦክሳይድ ነበር። 3,300 ዲግሪ ሴልሲየስ ገደማ ካልደረሰ የማይቀልጠው ይህ ኦክሳይድ አንድ ቀን የሪአክተር ነዳጅ ይሆናል ብሎ ያን ጊዜ የገመተ አልነበረም።

ወላጅ አባታቸው በታታ የብረት ፋብሪካ መሐንዲስ እንዲሆኑላቸው በመመኘት ወደ ኬምብሪጅ ላኳቸው። እሳቸው ግን የምሕንድስናውን ትምህርት እንደ ፈጸሙ ፊታቸውን ወደ ፊዚክስ መለሱ፤ በ1937 ከዋልተር ሃይትለር ጋር ስለ ኮስሚክ ጨረር ያወጡት ጥናትም ስማቸውን አስጠራ። በ1939 ለዕረፍት አገራቸው ገብተው ሳለ ጦርነቱ በመፈንዳቱ እዚያው ቀሩ። ይህ መቅረት ለሕንድ መልካም አጋጣሚ ሆነላት። በ1945 የታታን የምርምር ተቋም መሠረቱ፤ በ1948 የአቶም ኃይል ኮሚሽን ሊቀ መንበር ሆኑ።

ሕንድ ዩራኒየም ጥቂት፣ ቶሪየም ግን ብዙ አላት። ይሁን እንጂ ቶሪየም ብቻውን አይነድም። ኒውትሮን ሲውጥ በመጀመሪያ ፕሮታክቲኒየም ይሆናል፤ ይህም በ27 ቀን ግማሽ ዕድሜ እየተለወጠ ዩራኒየም 233 ይወጣዋል፤ የሚሰነጠቀውም ይኸው ነው። ስለዚህ ባባ ሦስት ደረጃ ያለው ዕቅድ አወጡ፤ አስቀድሞ በተፈጥሮ ዩራኒየም ፕሉቶኒየም ማግኘት፣ ቀጥሎ በፈጣን ሪአክተሮች ነዳጁን ማራባት፣ በመጨረሻ ወደ ቶሪየም መሻገር።

በደኅንነት ረገድ ምርጫቸው የሚነቀፍ አልነበረም። የቶሪየም ኦክሳይድ ከዩራኒየም ኦክሳይድ ዘግይቶ ይቀልጣል፤ ሙቀትን የተሻለ ያስተላልፋል፤ ሽፋኑ ቢሰነጠቅም ተጨማሪ ኦክሲጅን ስለማይወስድ በቀላሉ አይፈራርስም። (በኋላ ብዙ የተወራለት የዩራኒየም ናይትራይድ በሙቀት አስተላላፊነቱ ኦክሳይዶቹን እጅግ ቢያስከነዳም፣ ትኩስ እንፋሎት ሲነካው ይበላሻል።) ችግሩ ያለው ከሪአክተሩ ከወጣ በኋላ ነው። ከዩራኒየም 233 ጋር አብሮ የሚፈጠረው ዩራኒየም 232 ዝርያው ታሊየም 208 ብርቱ የጋማ ጨረር ስለሚረጭ፣ ነዳጁን እንደገና የሚሠራው ሰው በወፍራም ግድግዳ ተከልሎ ከሩቅ መሥራት አለበት። ኦክሳይዱም በናይትሪክ አሲድ ለመሟሟት እንቢተኛ ነው። ዕቅዱ ይህ ሁሉ የሚጠይቀውን ጊዜና ወጪ አሳንሶ ነበር ማለት ይቻላል። ባባ ተስፋቸው ከፍ ያለ ሰው ነበሩ፤ በ1955 የጄኔቫውን የሰላማዊ አቶም ጉባኤ በፕሬዚዳንትነት ሲመሩ የፊውዥን ኃይል በሃያ ዓመት ውስጥ በሰው እጅ እንደሚገባ ተንብየዋል።

በኦገስት 4 ቀን 1956 አፕሳራ የተባለው ሪአክተር በትሮምቤይ ሥራ ጀመረ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በጃንዋሪ 24 ቀን 1966፣ ባባ ኢትዮጵያም ከ1957 ጀምሮ አባል ወደሆነችበት ወደ ቪየናው የአቶም ኃይል ድርጅት ለስብሰባ ሲጓዙ አውሮፕላናቸው ከሞን ብላን ተራራ ጋር ተጋጭቶ 117ቱም ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች አለቁ። ዕድሜያቸው 56 ነበር። በዩራኒየም 233 የሚሠራው ካሚኒ የተባለው ሪአክተር በካልፓካም የተነሣው በ1996 ሲሆን፣ የተሠራበት ኃይል 30 ኪሎ ዋት ብቻ ነው።