ሀሪየት ቺክ፤ የፀሐይንና የዘይትን ኀይል የመዘነች ሴት

የሰው ልጅ ጤናውን ለመጠበቅ ሲል ብዙ ይደክማል፤ ብዙ ገንዘብም ያፈሳል። ነገር ግን ድካሙ ፍሬ የሚያገኘው የሚጠቅመውን ከማይጠቅመው ለይቶ ሲያውቅ ብቻ ነው። ይህን የተረዳሁት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ በገዛ ቤታችን በደረሰው ነገር ጭምር ነው። በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ስለ እንግሊዛዊቱ የሳይንስ ሊቅ ስለ ሀሪየት ቺክ ለመጻፍ የተነሣሁትም በዚሁ ምክንያት ስለሆነ፣ ውድ አንባብያን፣ አስቀድሜ ወደ እርስዋ ያደረሰኝን መንገድ እንዳመለክት ይፍቀዱልኝ።

ታናሽ ወንድሜ የተወለደው በክረምት፣ በሐምሌ ወር ነው። የምንኖረው አዲስ አበባ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ግቢ ስለሆነ ፀሐይ ወደ ቤታችን የምትገባው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። አያቴም ሕፃኑን ምች እንዳይመታው፣ የሰው ዓይንም እንዳያገኘው በማለት ክረምቱ ካለፈ በኋላ እንኳ በጋቢ ጠቅልለው ከጓዳ አያወጡትም ነበር። ይህንም የሚያደርጉት ከፍቅር የተነሣ ነው። ሕፃኑ ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው እኩዮቹ በግቢው ሲሯሯጡ እርሱ ግን ቆሞ መሄድ ተሳነው። በጭንቅ ሲያቆሙትም እግሮቹ እንደ ቀስት ጐብጠው ታዩ። እናቴ ደንግጣ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ሕመሙም ሪኬትስ የሚባለው የአጥንት መለስለስ መሆኑ ተነገረን፤ ሐኪሙም በጠብታ የሚሰጥ የቪታሚን ዲ መድኀኒት አዘዘለት።

ወሬው በዘመድና በጎረቤት መካከል ሲሰማ ሁሉም ለመርዳት ተነሣ። አጎቴ ከስዊድን አንድ ጠርሙስ የዓሣ ጉበት ዘይት ላከ። አንዲት ደግ ጎረቤታችን ደግሞ ከተፈጥሮ የተገኘ ነውና ከሐኪም ጠብታ ይበልጣል ብላ የቅጠልና የዓሣ ሥዕል ያለበት ሌላ ጠርሙስ ገዝታ መጣች። በቤታችን እንግሊዝኛ አንብቤ የምረዳ እኔ ነኝና እናቴ ጠርሙሶቹን ከፊቴ ደርድራ የትኛው እንደሚሻል ጠየቀችኝ። እኔ ግን መልስ አልነበረኝም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሼ ለወንድሜ የሚሆነውን መምረጥ ባለመቻሌ በጣም አፈርሁ። በማግሥቱ ወደ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ስለዚህ በሽታ ሳገላብጥ ነው ከሀሪየት ቺክ ስም ጋር የተገናኘሁት። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሀሪየት ቺክ ጃንዋሪ 6 ቀን 1875 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ ተወለደች። አባትዋ ሳሙኤል ቺክ የዳንቴል ነጋዴ ነበር። ከተወለዱለት ልጆች መካከል ሰባቱ ሴቶች ነበሩ። ቤተ ሰቡ ሃይማኖቱን አጥብቆ የሚይዝ፣ ጨዋታና ፈዛዛነት የማይወድ ነበር ይባላል። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን የብዙ ሰዎች ሐሳብ ሴት ልጅን ለጋብቻ ብቻ ማዘጋጀት ሲሆን፣ ሳሙኤል ቺክ ሴቶች ልጆቹን ሳይንስ በሚገባ ወደሚሰጥበት ትምህርት ቤት ላካቸው። ሀሪየትም ከዚያ ወደ ሎንዶን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብታ ተማረች። ቀጥሎም ወደ ቪዬናና ወደ ሙኒክ ሄዳ ስለ ጥቃቅን ነፍሳት ምርምር ካደረገች በኋላ በ1904 ዓ.ም. የዶክተርነት ማዕርግ አገኘች።

በሚከተለው ዓመት ሊስተር ኢንስቲቲዩት በሚባለው የሎንዶን የምርምር ቤት ለአንድ ተመራማሪ የሚሰጥ የገንዘብ ድጋፍ መኖሩን ሰምታ አመለከተች። ይህ ድጋፍ ከዚያ በፊት ለሴት ተሰጥቶ አያውቅም። ስለዚህም ከቤቱ ሠራተኞች ሁለቱ ሴት መቀበል ሞኝነት ነው በማለት ዲሬክተሩን ቻርልስ ማርቲንን ለመኑት። ማርቲን ግን ሥራዋን እንጂ ሴትነትዋን አልተመለከተምና ተቀበላት። ሀሪየትም ከዚያ ቤት ጋር የነበራት ግንኙነት በዕድሜዋ ሙሉ አልተቋረጠም።

በዚያን ጊዜ ጀርም ይገድላሉ ተብለው የሚሸጡ ፈሳሾች ብዙ ነበሩ። ኀይላቸው የሚፈተነው ግን በንጹሕ ውሃ ውስጥ ስለነበረ አብዛኞቹ መልካም መስለው ይታዩ ነበር። ሀሪየትና ማርቲን ጀርም የሚገኘው በቈሻሻ ውስጥ ነውና ፈተናውም ቈሻሻ ባለበት መሆን ይገባዋል ብለው በ1908 ዓ.ም. አዲስ የመፈተኛ ዘዴ አወጡ። በንጹሕ ውሃ ጀግና የነበረው ፈሳሽ ሁሉ በቈሻሻ ውስጥ ጀግና ሆኖ አልተገኘም። ዘዴው እስከ ዛሬ በሁለቱ ስም ይጠራል።

አንደኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ከትኩስ አትክልትና ከፍራፍሬ ርቀው የሚዋጉ ወታደሮች ስከርቪ በሚባል በሽታ ይሠቃዩ ጀመር፤ ድዳቸው ይደማል፣ ጕልበታቸው ይከዳቸዋል። የእንግሊዝ ጦር ይህን በሽታ ለመከላከል ከጥንት ጀምሮ የታመነውን የሎሚ ጭማቂ ያድል ነበር፤ በሽታው ግን አልጠፋም። ወንዶቹ ተመራማሪዎች ወደ ጦር ሜዳ ስለሄዱ ሀሪየት ከሌሎች ሴቶች ጋር ሆና ነገሩን መረመረች። ምክንያቱም ተገኘ። የጥንቶቹ መርከበኞች የዳኑት ሌመን በሚባለው ቢጫ ሎሚ ሲሆን፣ በኋላ የተተካው ግን ላይም የሚባለው አረንጓዴ ሎሚ ነበር። ሁለቱ ጭማቂዎች በሰው አፍ በአንድ ስም ሲጠሩ ስለኖሩ ልዩነት ያላቸው አልመሰለም። በእንስሳት ላይ ሲፈተኑ ግን የአረንጓዴው ኀይል ከቢጫው እጅግ ያነሰ ሆነ፤ በጠርሙስ ተጠብቆ የቈየውማ ምንም ያህል አይጠቅምም ነበር። ይህን ክፍል ሳነብ በጠረጴዛችን ላይ የተደረደሩት ጠርሙሶች ትዝ አሉኝ።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ የኦስትሪያ ዋና ከተማ ቪዬና በረኃብ ተመታች። ወተት ጠፋ፣ ቅቤም ጠፋ፣ ሪኬትስ የያዛቸው ሕፃናት ሆስፒታሉን ሞሉት። የሕፃናቱ ሆስፒታል አለቃ ክሌመንስ ፎን ፒርኬ በዓለም የታወቀ ሐኪም ነበር። የእርሱ አስተያየት በሽታው ከተላላፊ በሽታዎች ወገን ነው የሚል ነበር። ሌሎች ደግሞ በሌላ መንገድ ያስቡ ነበር። በእንግሊዝ ኤድዋርድ ሜላንቢ የተባለው ሐኪም በውሾች ላይ ባደረገው ፈተና ምክንያቱ የምግብ ጕድለት መሆኑንና ኮድ የተባለው ዓሣ የጉበቱ ዘይት በሽታውን እንደሚከለክል አሳይቶ ነበር። በበርሊን ደግሞ ኩርት ሁልድሺንስኪ በ1919 ዓ.ም. አልትራ ቫዮሌት በሚባለው ብርሃን ሕፃናትን ፈወሰ። እንግዲህ አንዱ ምግብ ነው ሲል፣ ሌላው ብርሃን ነው ሲል፣ ሦስተኛው ተላላፊ ነው ሲል ሕፃናቱ በመካከል ይጐዱ ነበር።

በዚህ ጊዜ ነው ሀሪየት በአርባ አራት ዓመትዋ ከባልደረባዋ ከኤልሲ ዳልዬል ጋር ወደ ቪዬና የተላከችው። አገርዋ ትናንት ከኦስትሪያ ጋር ስትዋጋ የነበረች ናት፤ ሆኖም ሕፃን ጠላት የለውም። ፒርኬም ምንም እንኳ ሐሳብዋን ባይቀበል የሆስፒታሉን ክፍሎችና አልጋዎች ለሥራዋ ፈቀደላት። ይህ የእርሱም ትልቅነት ነው።

ሀሪየትና ጓደኞችዋ ከ1919 እስከ 1922 ዓ.ም. የሠሩት ሥራ በትዕግሥት የተሞላ ነበር። ሕፃናቱን በሁለት ከፈሉ። ለአንዱ ወገን የሆስፒታሉን የተለመደ ምግብ፣ ለሌላው ደግሞ የዓሣ ጉበት ዘይት የተጨመረበትን ምግብ ሰጡ። አልጋው፣ ንጽሕናው፣ እንክብካቤው ግን አንድ ዓይነት ነበር። የእያንዳንዱን ሕፃን ክብደት እየመዘኑ፣ አጥንቱን በራጂ እያነሡ ወር ከወር አነጻጸሩ። በክረምት ዘይቱን ካላገኙት መካከል በሽታው ታየ፤ ዘይቱን ያገኙት ግን ዳኑ። በበጋ ሕፃናቱ ወደ ውጭ ወጥተው ፀሐይ ሲያገኙ በሁለቱም ወገን በሽታው አልታየም። የታመሙትም በዘይቱ፣ ወይም በመብራቱ ብርሃን፣ ወይም በፀሐይ ሲታከሙ አጥንታቸው እየጠነከረ መምጣቱ በራጂው ሥዕል ላይ ታየ።

እንግዲህ የምግብ ወገንና የብርሃን ወገን የሚከራከሩት በከንቱ ነበር፤ ሁለቱም ልክ ነበሩ። በ1922 ዓ.ም. በአሜሪካ ኤልመር ማኮለም በዓሣው ጉበት ዘይት ውስጥ ከቪታሚን ኤ የተለየ ሌላ ነገር እንዳለ አሳየ፤ ይኸውም ቪታሚን ዲ ተባለ። በኋላም ቆዳችን ራሱ ፀሐይ ሲያገኝ ይህንኑ እንደሚሠራ ተረጋገጠ። ቪታሚን ዲ አንጀታችን ከምግብ ውስጥ ካልሲየምን ተቀብሎ ለአጥንት እንዲያደርስ ያደርጋል። እርሱ ሲጐድል የሕፃን አጥንት እንደ እርጥብ እንጨት ይጐብጣል።

ሀሪየት ከቪዬና ከተመለሰች በኋላም አላረፈችም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሀገርዋ ሕዝብ ስለሚበላው ዳቦ መረመረች፤ በ1941 ዓ.ም. የእንግሊዝ የሥነ ምግብ ማኅበር ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዷ ሆነች፤ በኋላም ፕሬዚዳንቱ ሆነች። በ1949 ዓ.ም. ዴም የሚባለውን የክብር ማዕርግ ተቀበለች። በ1976 ዓ.ም. ዕድሜዋ ከመቶ ካለፈ በኋላ የቪዬናውን ሥራ ታሪክ ራስዋ ጽፋ አሳተመች። ሳታገባ፣ ሳትወልድ ኖራ በ1977 ዓ.ም. በአንድ መቶ ሁለት ዓመትዋ ዐረፈች። ልጅ አልነበራትም ይባል እንጂ፣ ቀጥ ባለ እግር የሚሮጡ ስንት የሰው ልጆች አሉ!

ይህን ታሪክ ካነበብሁ በኋላ ወደ ጠርሙሶቹ ተመለስሁ። የጎረቤታችን ጠርሙስ የዓሣ ዘይት ይላል እንጂ የዓሣ ጉበት ዘይት አይልም። ከዓሣ ሥጋ የሚወጣው ዘይት ቪታሚን ዲ እምብዛም የለውም፤ ዝርዝሩን ባነብም የቪታሚን ዲ ስም አላገኘሁበትም። የአረንጓዴውና የቢጫው ሎሚ ነገር እንደገና ተደገመ ማለት ነው። የአጎቴ ጠርሙስ እውነተኛ የጉበት ዘይት ነበር። ነገር ግን ከቪታሚን ዲ ጋር ብዙ ቪታሚን ኤ አለበት፤ ሁለቱም በሰውነት ውስጥ ይከማቻሉ፤ ከልክ ሲያልፉም ይጐዳሉ። ጠርሙሶቹን ይዤ ከእናቴ ጋር ወደ ጤና ጣቢያው ሄድሁ። ሲስተሯም አይታ በሐኪሙ ጠብታ ላይ ምንም እንዳንጨምር አስጠነቀቀችን። ሕመምን ለማዳን የሚሰጠው መጠን ለጤነኛ ሕፃን በየቀኑ ከሚበቃው ከ400 ዩኒት፣ ማለት ከ10 ማይክሮግራም፣ እጅግ ይበልጣልና ልኩን የሚያውቀው ሐኪም ነው።

ከተፈጥሮ የተገኘ የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግረንም። ቪታሚን ዲ ከዓሣ ጉበት፣ ከበግ ፀጉር ቅባት፣ ብርሃን ካገኘ እንጉዳይም ይገኛል፤ ስለዚህ በጾም ወራት የእንስሳ ነገር የማይቀምስ ሰው ከእንጉዳይ የተሠራውን መፈለግ ይችላል። ነገር ግን ከየትም ቢመጣ መጠኑ ያልተጻፈበት ጠርሙስ ለመምረጥ አያመችም።

የቀረው የፀሐይ ጉዳይ ነበር። ሲስተሯ ሕፃኑ ጠዋት ፀሐይዋ ጥቂት ከፍ ካለች በኋላ፣ እጅና እግሩ ተገልጦ፣ ለጥቂት ደቂቃ እንዲወጣ መከረችን። በመስተዋት ውስጥ የገባ ፀሐይ ያሞቃል እንጂ ቪታሚኑን አይሠራም። ጠቈር ያለ ቆዳም ከነጣው ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። አያቴ ይህን ሲሰሙ ቅር አላቸው፤ የራሳቸውን ልጆች ማንም ሳያስተምራቸው በጤና አሳድገዋልና። እኔም በትሕትና አስረዳኋቸው። በገጠር ሳሉ ልጆቻቸው በጀርባቸው ታዝለው እርሻ ይውሉ ነበር፤ በሜዳም ራቁታቸውን ይቦርቁ ነበር። ፀሐይን ሳይፈልጉ ያገኙ ነበር ማለት ነው። የተለወጠው የእርሳቸው አያያዝ ሳይሆን ቤቱ ነው። አያቴ ብዙ ዝም ካሉ በኋላ በማግሥቱ ጠዋት በርጩማቸውን ይዘው ወደ ግቢው ወጡ፤ ሕፃኑንም በጭናቸው ላይ አስቀምጠው ጋቢውን ገለጡለት።

ይህ ከሆነ ወራት አልፈዋል። ወንድሜ ዛሬ ይሄዳል፤ እግሮቹም ቀስ በቀስ እየተቃኑ ናቸው። የጎረቤታችንን ደግነት አመስግነን ጠርሙሱን መለስንላት።

ወላጆች ሆይ፣ ሕፃናቶቻችሁን ከምች ስትጠብቁ ከፀሐይ እንዳትነጥሏቸው እለምናለሁ። ጓደኞቼ ሆይ፣ በየቤታችሁ የባዕድ ቋንቋ አንባቢዎች እናንተ ናችሁና በጠርሙስ ላይ ያለውን ሥዕል ሳይሆን ጽሑፉን አንብቡ፤ ያልገባችሁንም አዋቂ ጠይቁ። ሀሪየት ቺክ ለቪዬና ሕፃናት ያደረገችው ከዚህ የራቀ አልነበረም፤ ያመነችውን ሁሉ መዝና፣ የመዘነችውን ብቻ ሰጠቻቸው።