የደቦ ፍርድን ዋጋ ያስወደደችው ሴት

ስለ ጦር መሣሪያ መያዝ መብት ክርክር ሲነሳ ብዙውን ጊዜ ሁለት ጎራ ነው የምሰማው። አንደኛው ነፃነት ነው ይልና ይዘጋል። ሌላኛው ደም ነው ይልና ይዘጋል። ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሁን እንጃ፣ እኔን የሚያሳምነኝ ግን ቆጥሮ የሚያሳየኝ ሰው ነው። ቆጥረው ካሳመኑ ሰዎች አንዷን ዛሬ ላስተዋውቃችሁ። አይዳ ቢ. ዌልስ ትባላለች፤ አሜሪካዊት ጋዜጠኛ ነበረች። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

አይዳ በ1862 ሚሲሲፒ ውስጥ ሆሊ ስፕሪንግስ በምትባል ከተማ ተወለደች። ወላጆቿ ባሪያዎች ነበሩ፤ ስለዚህ እሷም በሕግ ባሪያ ሆና ነው የተወለደችው። የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲያልቅ ገና ሦስት ዓመት አልሞላትም። የሚሲሲፒ ምክር ቤት ታዲያ ጊዜ አላጠፋም። በዚያው በ1865 ነፃ የወጡ ጥቁሮች ያለ ፈቃድ ጠመንጃም ጥይትም እንዳይይዙ የሚከለክል ሕግ አወጣ። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

በ1878 ቢጫ ወባ ከተማዋን መታት። አባቷ፣ እናቷና ሕፃን ወንድሟ ሞቱ። አይዳ 16 ዓመቷ ነበር። ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ልጆቹን እንከፋፈል ሲል እሷ እምቢ አለች። ቀሚሷን አስረዝማ፣ ዕድሜዋን ጨምራ አስተማሪ ሆና ተቀጠረችና ታናናሾቿን ማሳደግ ጀመረች። በኋላ ወደ ሜምፊስ፣ ቴነሲ ተዛወረች።

እዚያ የሆነው የባቡር ታሪክ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረች ያሳያል። የአንደኛ ማዕረግ ቲኬት ቆርጣ የሴቶች ፉርጎ ውስጥ ተቀምጣለች። ቲኬት ተቆጣጣሪው መጥቶ ተነሽና ወደ ሌላኛው ፉርጎ ሂጂ አላት። አልሄድም አለች። እጇን ሲጎትታት እጁን ነከሰችው። በሦስት ሰው ጎትተው አስወረዷት። ከሰሰች፤ በ1884 ፍርድ ቤት 500 ዶላር ፈረደላት። በ1887 ግን የቴነሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሽሮ የክርክሩን ወጪ ራሷ እንድትከፍል አደረገ። ሕግ ፊት አሸንፋ ሕግ ፊት የተሸነፈችው ያኔ ነው።

መጻፍ ጀመረች። በ1889 ፍሪ ስፒች የተባለ የሜምፊስ ጋዜጣ ባለድርሻ ሆነች። ስለ ጥቁር ልጆች ትምህርት ቤቶች መጎሳቆል ስትጽፍ ከማስተማር ሥራዋ ተባረረች። ከዚያ በኋላ እንጀራዋ ጋዜጣው ብቻ ሆነ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ከሜምፊስ ከተማ ወሰን ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ኩርባው በሚባል ሰፈር፣ አንድ ነጭ ነጋዴ ብቻውን ሱቅ ከፍቶ ይሠራ ነበር። ውድድር የለበትም። ከዚያ ጥቁሮች በአክሲዮን ገንዘብ አዋጥተው የሕዝብ ግሮሰሪ የሚባል ሱቅ ከፈቱ። (ግሮሰሪ ስል የኛ አገሩ መጠጥ ቤት እንዳይመስላችሁ፤ ስኳርና ዱቄት የሚሸጥበት ሱቅ ነው።) የማኅበሩ ሊቀመንበር ቶማስ ሞስ ይባላል። ቀን ፖስታ ያድላል፣ ማታ ሱቁ ውስጥ ይሠራል። አይዳ የልጁ የክርስትና እናት ናት። ደንበኛው ወደ አዲሱ ሱቅ ፈለሰ፤ ነጩ ነጋዴ ተናደደ።

በማርች 1892 ሕፃናት በብይ ጨዋታ ተጣሉ፣ ጠቡ ወደ አዋቂዎች ተዛመተ፣ ሱቁ ሊጠቃ ነው የሚል ወሬ መጣ። ባለሱቆቹ ጠበቃ አማከሩ። ቦታው ከከተማው ወሰን ውጪ ስለሆነ የፖሊስ ጥበቃ አታገኙም፣ ከተጠቃችሁ ራሳችሁን መከላከል ትችላላችሁ አላቸው። እነሱም የታጠቁ ጠባቂዎች አቆሙ። ቅዳሜ ማታ መሣሪያ የያዙ ነጮች በጓሮ በኩል ገቡ። ጠባቂዎቹ ተኮሱ፣ ሦስት ሰው ቆሰለ። ሲጣራ የመጡት ሲቪል የለበሱ የሸሪፉ ረዳቶች ናቸው ተባለ።

ሲነጋ የነጮቹ ጋዜጦች ጥቁሮች በሕግ አስከባሪ ላይ አደጋ ጣሉ ብለው ጻፉ። ሞስና ሁለት ባልደረቦቹን፣ ካልቪን ማክዳወልንና ዊል ስቱዋርትን ጨምሮ ብዙ ጥቁር ወንዶች ታሰሩ። ቴነሲ ራይፍልስ የሚባለው የጥቁሮች ሚሊሻ ለሁለት ሌሊት እስር ቤቱን ጠበቀ። ቁስለኞቹ እንደሚተርፉ ሲሰማ ጥበቃው ላላ። ፍርድ ቤቱ በበኩሉ የሚሊሻው መሣሪያ እንዲወሰድ፣ ለጥቁርም ጠመንጃ እንዳይሸጥ አዘዘ። ማርች 9 ሊነጋ ሲል 75 የሚሆኑ ፊታቸውን የሸፈኑ ሰዎች ወደ እስር ቤቱ ገብተው ሦስቱን ሰዎች አወጧቸውና ከከተማው ውጪ በባቡር ሐዲድ አጠገብ ረሸኗቸው። ሱቁ ተዘረፈ፣ የተረፈው ዕቃ ተሸጠ፣ ተዘጋ። ነጩ ነጋዴ እንደገና ብቻውን ቀረ። ለግድያው ማንም ፍርድ ቤት አልቀረበም።

አይዳ ያን ቀን ናቼዝ የምትባል ከተማ ነበረች። ስትመለስ ጓደኛዋ ተቀብሯል። መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ሽጉጥ መግዛት ነው። በኋላ እንደጻፈችው፣ ከመጡብኝ እንደ ውሻ ከምሞት እየተዋጋሁ ብሞት ይሻለኛል፣ አንድ ሰው ይዤ ከሄድኩ ሒሳቡ ትንሽም ቢሆን ይስተካከላል ብላ አስባ ነበር።

እዚህ ላይ ብታቆም ኖሮ የተቆጣች ሴት ታሪክ ብቻ ይሆን ነበር። እሷ ግን ጠመንጃውን ወደ ክርክር ቀየረችው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ሳውዘርን ሆረርስ የተባለ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመች። ውስጡ የቁጥር ሥራ ነው። ባለፉት 8 ዓመታት 728 ጥቁሮች በደቦ ፍርድ እንደተገደሉ ጻፈች። ሁልጊዜ የሚሰጠው ሰበብ ነጭ ሴት ደፈሩ የሚል ነበር፤ ከተገደሉት ውስጥ በዚህ የተወነጀሉት እንኳ ሲሶ ያህል ብቻ እንደሆኑ አሳየች። መወንጀል ነው እንጂ መፈረድ አይደለም፣ ልብ በሉ።

ቀጥሎ ወደ ጠመንጃው መጣች። በዚያ ዓመት ደቦው ተነስቶ ሳይሳካለት የቀረባቸውን ሁለት ቦታዎች ጠቀሰች፤ ጃክሰንቪል፣ ፍሎሪዳና ፓዱካ፣ ኬንታኪ። በሁለቱም ቦታ ጥቁሮቹ ታጥቀው ነበር የቆሙት። ከዚህ ተነስታ ዊንችስተር ጠመንጃ በእያንዳንዱ የጥቁር ቤት የክብር ቦታ ሊኖረው ይገባል፣ ሕጉ ሊሰጥ ያልፈለገውን ጥበቃ ይሰጣል ብላ ተከራከረች። አጥቂው ከተጠቂው እኩል ሊሞት እንደሚችል ካወቀ ለጥቁር ሕይወት የሚሰጠው ክብር ይጨምራል ነው ነገሩ።

ክፍል ውስጥ ስለ ወጪና ጥቅም ስንማር ማንም እንዲህ አድርጎ አላስረዳኝም። 75 ሰው ጭምብል አድርጎ የወጣው ለምንድነው? ወጪው ዜሮ ስለሆነ ነው። አይታሰርም፣ አይከሰስም፣ በነጋታው ሥራው ይገባል። አይዳ የሰውን ልብ ለመለወጥ አልጠበቀችም፤ ወጪውን ከፍ ማድረግ ነው የያዘችው።

ጠመንጃው ደግሞ ከመንገዶቹ አንዱ ብቻ ነው። ፍሪ ስፒች ላይ ከሜምፊስ ውጡ፣ ሕይወታችሁንም ንብረታችሁንም የማትጠብቅ ከተማ ናት ብላ ጻፈች። ሺዎች ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ኦክላሆማ ሄዱ። የነጮቹ ጋዜጦች ኦክላሆማ ረሃብ ነው ሲሉ ራሷ ሄዳ፣ ሦስት ሳምንት ያህል ዞራ ያየችውን ጻፈች። የቀሩት በኤሌክትሪክ የሚሄደውን የከተማ ባቡር መሳፈር ተዉ። የኩባንያው ኃላፊዎች ገቢያቸው ሲወርድ ቢሮዋ ድረስ መጡ። ጥቁሮች ኤሌክትሪክ ፈርተው ይሆን እንዴ ብለው ጠየቋት! ምክንያቱ የሞስና የጓደኞቹ ግድያ እንደሆነ ነገረቻቸው። ከዚያ ውይይቱን እንዳለ ጋዜጣዋ ላይ አወጣችው፤ እሁድ ደግሞ ትልልቆቹ አብያተ ክርስቲያናት ሄዳ እንዳትሳፈሩ ብላ ሰበከች። ይሄን ክፍል ሳነብ ብቻዬን ነው የሳቅሁት።

በሜይ 1892 ስለ መድፈር ሰበብ የጻፈችው ርዕሰ አንቀጽ ከተማውን አነደደው። እሷ በሌለችበት ማተሚያ ቤቷን ሰባበሩት። ብትመለስ እንደምትገደል መልዕክት ደረሳት። ኒውዮርክ ቀረች፣ በኋላም ቺካጎ ከተመች። በ1893 እና በ1894 እንግሊዝ ሄዳ ተናገረች። የእንግሊዝ ፋብሪካዎች የአሜሪካን ደቡብ ጥጥ ይገዙ ስለነበር የእንግሊዝ ጋዜጦች ሐሜት ለሜምፊስ ነጋዴ የገበያ ጉዳይ ነው። በ1894 ከተማው አቅራቢያ ስድስት ጥቁሮች ሲገደሉ የሜምፊስ ነጋዴዎች በአደባባይ አወገዙ። ከሁለት ዓመት በፊት ዝም ያሉት እነዚሁ ናቸው።

አሁን የማይመቸኝን ላንሳ። የሕዝብ ግሮሰሪ ሰዎችም እኮ ታጥቀው ነበር። የተኮሱት ጥይት ነው የደቦው ሰበብ የሆነው። በ1919 ኢሌን፣ አርካንሳስ ውስጥም ተመሳሳይ ነገር ሆነ። ጥቁር ጭሰኞች ለጥጣቸው ተገቢ ዋጋ ለመጠየቅ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተሰብስበው፣ በር ላይ የታጠቀ ጠባቂ አቁመዋል። ተኩስ ተከፈተ፣ አንድ ነጭ ሞተ፣ ከዚያ ደቦውም ወታደሩም ወጣባቸው። የሞተው ጥቁር ከመቶ በላይ እንደሆነ ይነገራል። 12 ሰዎች ሞት ተፈረደባቸው። ጠመንጃ ወጪውን የሚቆጥር ደቦን ያስቆማል፤ ከኋላው መንግሥት ያለውን ደቦ ግን አያስቆምም። የአይዳን ክርክር የሚጠቅሱ የዛሬ ሰዎች ይሄን ሲዘሉት አያለሁ። የጠመንጃ ተቃዋሚዎች ደግሞ ጃክሰንቪልን ይዘሉታል።

እሷ ግን ሁለቱንም ታውቅ ነበር ብዬ ነው የማስበው፣ ምክንያቱም የኢሌን እስረኞች ጋ ጠመንጃ ይዛ አይደለም የሄደችው። የእስረኛ ዘመድ መስላ ከሚስቶቻቸው ጋር ገባችና የእያንዳንዳቸውን ቃል፣ የተወሰደባቸውን ጥጥና ከብት ሳይቀር መዝግባ አሳተመች። በ1923 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ችሎቱ በደቦ ጫና ውስጥ የተካሄደ ነበር ለሚለው አቤቱታ ጆሮ ሰጠ፤ 12ቱም ከሞት ተረፉ።

ከሁሉም በላይ የምወደው ግን የካይሮው ነው። (የግብፅዋ አይደለችም፣ ኢሊኖይ ውስጥ ያለች ከተማ ናት።) በ1909 እዚያ አንድ ጥቁር እስረኛ ከሸሪፉ እጅ ተነጥቆ ተገደለ። የኢሊኖይ ሕግ እስረኛውን ለደቦ የሰጠ ሸሪፍ ከሥራው ይነሳል ይላል፤ ሸሪፉ ተነሳ፣ ከዚያ ልመለስ ብሎ ለአገረ ገዢው አመለከተ። የካይሮ ጥቁሮች እንኳ አንዳንዶቹ ደግፈውት ነበር። አይዳ ያኔ ትዳር ይዛለች፣ አራት ልጆች አሏት፣ መሄድ አልፈለገችም። ትልቁ ልጇ ነው እንድትሄድ የገፋፋት። ሄደች፣ ምስክር ሰበሰበች፣ ከሸሪፉ ጠበቃ ጋር ፊት ለፊት ተከራከረች። አገረ ገዢው ሸሪፉን አልመልስም አለ። ያን ጊዜ ዋጋው የአንድ ሹም ደሞዝ ነበር።

በዚያው ዓመት ኤንኤኤሲፒ የሚባለውን የጥቁሮች መብት ማኅበር ካቋቋሙት አንዷ ሆነች፣ ግን ብዙም አልተስማማቻቸውም። ከሰው ጋር ተቻችሎ መሥራት አልሆነላትም፤ ይሄን የሚወዷት ሰዎችም ይናገራሉ። ማርች 25 ቀን 1931 ቺካጎ ውስጥ በ68 ዓመቷ ሞተች። የሕይወት ታሪኳን እየጻፈች ነበር፤ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር መሃል ላይ ተቋርጧል። ልጇ አልፍሬዳ በ1970 እንዲታተም አደረገች። የደቦ ፍርድን ወንጀል የሚያደርግ የፌዴራል ሕግ በአሜሪካ የጸደቀው በ2022 ነው፤ እኔ ስማርትፎን ይዤ ዜናውን ያነበብኩበት ዓመት።