አስቴር ጋኖ

በጎባና በሮቤ ገበያ፥ በባሌም ደጋ ሁሉ የሚነገረው የኦሮምኛ ቋንቋ ቀድሞ በአፍ እንጂ በመጽሐፍ ብዙ አይገኝም ነበር። ይህን ቋንቋ ለመጻፍ ከደከሙት ሰዎች አንዲቱ አስቴር ጋኖ ናት።

አስቴር በልጅነቷ በባርነት ተይዛ፥ ወደ ዐረብ አገር ልትሸጥ በመርከብ ተጫነች። ነገር ግን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1886 ዓ.ም. የኢጣልያ መርከበኞች መርከቡን ይዘው በውስጡ የነበሩትን ነፃ አወጡ። እርሷም በምፅዋ አጠገብ ባለው በእምኩሉ፥ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብታ ማንበብና መጻፍ ተማረች።

ከዚህ በኋላ የአገሯን ቋንቋ እያሰበች ወደ 15000 የሚሆኑ ቃላት ሰበሰበች። ይህም ለኦነሲሞስ ነሲብ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ታላቅ ረዳት ሆነ፤ መጽሐፉም በ1899 ታተመ። ደግሞም ተረቱን፥ ምሳሌውን፥ እንቆቅልሹንና ዘፈኑን 500 ያህል ጻፈች፤ ከዚሁም ከፊሉ በ1894 በታተመው የንባብ መጽሐፍ ገባ። በ1904 ወደ ወለጋ ሄዳ በነቀምቴ ልጆችን አስተማረች። በ1964 ዐረፈች።

ሰዎች ቤቷንና ዘመዶቿን ነጠቋት፤ ቋንቋዋን ግን ሊነጥቋት አልቻሉም። ልጆች ሆይ፥ ከአያቶቻችሁ የሰማችሁትን ተረት አትናቁ፤ ፊደል ስታውቁ ጻፉት። በአፍ ብቻ ያለ ነገር ከሽማግሌው ጋራ ይቀበራል፤ የተጻፈ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል።