ከካላባር ባቄላ እስከ አኩሪ አተር፦ ኬሚስቱ ፐርሲ ጁልያን እና የግላኮማና የሪህ መድኃኒቶች አሠራር

መግቢያ

ግላኮማ የዓይን፣ ሪህ ደግሞ የመገጣጠሚያ ሕመም ነው፤ ሁለቱ በአንድ ሐኪም ክፍል አይታከሙም። ይሁን እንጂ የመድኃኒቶቻቸውን ታሪክ ወደ ኋላ የተከተለ አጥኚ በአሜሪካዊው ኬሚስት በፐርሲ ላቮን ጁልያን ሕይወት ውስጥ ሁለቱን አንድ ላይ ያገኛቸዋል። ጁልያን በ1935 የግላኮማ መድኃኒት የሆነውን ፊዞስቲግሚንን በቤተ ሙከራ ሠሩ። ከዐሥራ አራት ዓመታት በኋላ ደግሞ ለኮርቲኮስቴሮይድ መድኃኒቶች መነሻ የሚሆን ውሁድ ከአኩሪ አተር አዘጋጁ፤ የዚህ ቤተሰብ መድኃኒቶች ዛሬ አጣዳፊ የሪህ ሕመምን ለማስታገስ ይታዘዛሉ። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የኬሚስቱን ሕይወት በመከተል ሁለቱ መድኃኒቶች የሚሠሩበትን መንገድና የሚገናኙበትን ቦታ ማሳየት ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ጁልያን በ1899 በአላባማ ግዛት፣ በሞንትጎመሪ ከተማ ተወለዱ። አያታቸው በባርነት የኖሩ ሰው ነበሩ። አባታቸው በባቡር የሚጓጓዝ ፖስታ ሠራተኛ፣ እናታቸው መምህርት ነበሩ። በዚያን ጊዜ በከተማዋ ለጥቁር ልጆች የተፈቀደው የመንግሥት ትምህርት ከስምንተኛ ክፍል አያልፍም ነበር። በዚህም ምክንያት ጁልያን በ1916 ወደ ኢንዲያና ግዛት ሄደው ዲፓው ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ የጎደላቸውን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከዩኒቨርሲቲው ትምህርት ጎን ለጎን መማር ግድ ሆነባቸው። በተማሪዎች መኖሪያ እንዲያድሩ ስላልተፈቀደላቸውም በአንድ የተማሪዎች ማኅበር ቤት እየሠሩ በጣሪያው ሥር ባለ ክፍል ኖሩ። በ1920 ከክፍላቸው አንደኛ ሆነው ተመረቁ።

በ1923 ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ዲግሪ ቢያገኙም ወደ ዶክትሬት የሚያሻግራቸው መንገድ በዚያ ተዘጋ። ጥቂት ዓመታት ካስተማሩ በኋላ በ1929 የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ ቪየና ተጓዙ። በዚያም በኤርንስት ሽፔት ሥር የዕፅዋት አልካሎይዶችን አጥንተው በ1931 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። የአልካሎይድ ኬሚስትሪን የተማሩት በዚህ ቤተ ሙከራ ነው፤ ቀጣዩ ትልቅ ሥራቸው የተመሠረተውም በዚሁ ዕውቀት ላይ ነው።

የካላባር ባቄላና የዓይን ግፊት

ፊዞስቲግሚን የሚገኘው በደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ ከሚበቅለው የካላባር ባቄላ ነው። የኤፊክ ሕዝብ ፍሬውን በወንጀል የተጠረጠረን ሰው ለመፈተን ይጠቀምበት ነበር፤ የጠጣው ከሞተ ጥፋተኛ፣ ከተረፈ ንጹሕ ይባል ነበር። በ1864 ንጥረ ነገሩ ተለይቶ ወጣ። በ1870ዎቹም ሉድቪግ ላከር የተባሉ የዓይን ሐኪም፣ ራሳቸውም የግላኮማ ታማሚ የነበሩ፣ ለዚህ ሕመም መድኃኒትነት አዋሉት።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። በዓይን የፊት ክፍል ውስጥ ፈሳሽ ያለማቋረጥ ይመነጫል፤ በአይሪስና በኮርኒያ መካከል ባለው ማዕዘን በሚገኝ የማጣሪያ መረብ በኩልም ይወጣል። መውጫው ሲጠብ የዓይን ግፊት ይጨምራል፤ ከፍ ያለ ግፊት ሲቆይም የዕይታ ነርቭን ይጎዳል። ለዓይን ጡንቻዎች የመኮማተር ትእዛዝ የሚያደርሰው አሴቲልኮሊን የተባለው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ሥራውን እንደ ጨረሰ የሚያፈርሰው ኢንዛይም አሴቲልኮሊንኢስተሬዝ ይባላል። ፊዞስቲግሚን የራሱን የካርባሜት ክፍል በኢንዛይሙ ላይ በማጣበቅ ለጊዜው ሥራ ያስፈታዋል። በዚህ ጊዜ አሴቲልኮሊን ሳይፈርስ ይከማቻል፤ ብሌንን የሚያጠብበው ጡንቻ ተኮማትሮ አይሪስን ከማዕዘኑ ያርቃል፣ የሲሊየሪ ጡንቻም የማጣሪያ መረቡን ስቦ ይከፍታል። ፈሳሹ መውጫ ስለሚያገኝ ግፊቱ ይቀንሳል። መድኃኒቱ የሚያስተካክለው የፈሳሹን መውጫ እንጂ መመንጨቱን አይደለም። ከብዙ ዓመታት በኋላ የመጣው ቲሞሎል ግን የሚሠራው በተቃራኒው ወገን፣ የሚመነጨውን ፈሳሽ በመቀነስ ነው።

የመቅለጫ ሙቀት ያስነሣው ክርክር

የፊዞስቲግሚን መዋቅር በ1925 ቢታወቅም በቤተ ሙከራ መሥራቱ አስቸጋሪ ሆኖ ቆይቶ ነበር። ጁልያን ወደ ዲፓው ተመልሰው፣ ከቪየና አብረዋቸው ከመጡት ከዮሴፍ ፒክል ጋር ሥራውን ያዙ። በዚያው ጊዜ በኦክስፎርድ፣ ኋላ በ1947 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ሮበርት ሮቢንሰን ኤሰረቶል የተባለውን ውሁድ እንደሠሩ አሳተሙ። ከኤሰረቶል ወደ ፊዞስቲግሚን የሚወስደው መንገድ አስቀድሞ የታወቀ ስለነበር እርሱን የሠራ ሰው ውድድሩን ያሸነፈ ያህል ነበር።

የጁልያን ኤሰረቶል ግን ከሮቢንሰን ጋር አልተመሳሰለም። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል። ጁልያን ቋሚ የሥራ ቦታ ያልነበራቸው ወጣት ተመራማሪ ነበሩ፤ በዓለም የታወቁትን ሳይንቲስት ተሳስተዋል ብለው አሳትመው ስሕተቱ የራሳቸው ሆኖ ቢገኝ የምርምር ሕይወታቸው በዚያው ያበቃ ነበር። ሆኖም ልዩነቱን በግልጽ አሳተሙ፤ ከዚያም ከተፈጥሮው ባቄላ የተገኘውን ውሁድና የራሳቸውን ጎን ለጎን አስቀምጠው የመቅለጫ ሙቀታቸው አንድ መሆኑን አረጋገጡ። በ1935 የፊዞስቲግሚን ሙሉ ውህደት ተፈጸመ።

ይህ ውጤት ግን የመምህርነት ወንበር አላስገኘላቸውም። ዩኒቨርሲቲው በቆዳቸው ቀለም ምክንያት የመምህርነት ሹመት ከለከላቸው፤ ከኢንዱስትሪ የመጡ የሥራ ዕድሎችም በዚሁ ምክንያት ተሰናከሉ። በ1936 በቺካጎ የግሊደን ኩባንያ የአኩሪ አተር ምርምር ኃላፊ አድርጎ ቀጠራቸው።

አኩሪ አተር፣ ስቴሮይድና ሪህ

ጁልያን ከካላባር ባቄላ ዘይት ስቲግማስቴሮል የተባለ ስቴሮል ሲለይ በዲፓው ተመልክተው ነበር። በግሊደን ውኃ በስሕተት ወደ አኩሪ አተር ዘይት ማጠራቀሚያ ገብቶ ነጭ ዝቃጭ ሲፈጠር፣ ዝቃጩ ስቴሮል መሆኑን ወዲያው የተረዱት በዚህ ልምድ ነው። በ1940 ከዚሁ ስቴሮል ፕሮጄስተሮን የተባለውን ሆርሞን በብዛት ማምረት ጀመሩ።

በ1949 ኮርቲዞን የመገጣጠሚያ ብግነትን እንደሚያስታግስ ተገለጠ። መድኃኒቱ ግን ከከብት ሐሞት ከሠላሳ በላይ በሆኑ ደረጃዎች ይሠራ ስለነበር እጅግ ውድ ነበር። ጁልያን በዚያው ዓመት ውሁድ ኤስ የሚባለውን ስቴሮይድ የሚሠሩበትን አዲስ መንገድ አስታወቁ። ይህ ውሁድ ከሃይድሮኮርቲዞን የሚለየው በ11ኛው ካርቦን ላይ አንድ የኦክስጅን አቶም ስለሚጎድለው ብቻ ነው። በ1950ዎቹ የጎደለውን ኦክስጅን በረቂቅ ተሕዋስያን አማካይነት ማስገባት ተቻለ።

በሪህ ሕመም ዩሪክ አሲድ በደም ውስጥ በዝቶ በመገጣጠሚያ ውስጥ እንደ መርፌ የሾሉ የዩሬት ክሪስታሎች ይፈጥራል። የመከላከያ ሴሎች ክሪስታሎቹን ሲውጡ የብግነት መልእክተኛ የሆነውን ኢንተርሉኪን 1 ቤታን ይለቅቃሉ፤ ነጭ የደም ሴሎችም ወደ ቦታው ይጎርፋሉ። ኮርቲኮስቴሮይድ ወደ ሴሉ ገብቶ ከተቀባዩ ፕሮቲን ጋር ይጣመርና እንዲህ ያሉ መልእክተኞችን የሚያሠሩ ጂኖችን ያፍናል። ሕመሙ ይቀንሳል፤ ክሪስታሎቹ ግን በቦታቸው ይቀራሉ። የዩሪክ አሲድን መጠን ራሱን ለመቀነስ ዛንቲን ኦክሲዴዝ የተባለውን ኢንዛይም የሚገታው አሎፑሪኖል ያስፈልጋል።

የሁለቱ መገናኛ

የጁልያን ሁለት ሥራዎች በአንድ ቦታ ይጋጠማሉ፤ ቦታውም ፊዞስቲግሚን የሚከፍተው የዓይን ማጣሪያ መረብ ነው። ኮርቲኮስቴሮይድ በተለይ በዓይን ጠብታ መልክ ለብዙ ሳምንታት ሲወሰድ በአንዳንድ ሰዎች መረቡ ፈሳሽ የማሳለፍ አቅሙን ያጣል፤ ግፊቱም ይጨምራል። ስለዚህ ግላኮማ ያለበት የሪህ ታማሚ ስቴሮይድ ሲታዘዝለት የዓይን ግፊቱን መከታተል ይገባል።

የመጨረሻ ዓመታት

ጁልያን በ1950 የቺካጎ የዓመቱ ሰው ተባሉ። በዚያው ዓመት በኦክ ፓርክ የገዙት ቤት ገና ሳይገቡበት እሳት ተለኮሰበት፤ በተከታዩ ዓመትም ድማሚት ተወረወረበት። ቤተሰቡ ግን አካባቢውን አልለቀቀም። በ1953 ከግሊደን ወጥተው የራሳቸውን ኩባንያ መሠረቱ፤ በ1961ም ሸጡት። በ1973 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነው ተመረጡ፤ በ1975 ዐረፉ።

ማጠቃለያ

ፊዞስቲግሚን በአዳዲስ የግላኮማ መድኃኒቶች ተተክቷል፤ ስቴሮይዶችም ዛሬ በሌሎች መንገዶች ይመረታሉ። ከጁልያን ሥራ የሚቀረው የማረጋገጫ ዘዴያቸው ነው፦ የተሠራው ውሁድ ከተፈጥሮው ጋር አንድ መሆኑ የሚታወቀው በአሳታሚው ስም ሳይሆን በልኬት ነው። አንድ የኦክስጅን አቶም የአንድን ስቴሮይድ የመድኃኒትነት ኃይል በሚወስንበት መስክ፣ የመቅለጫ ሙቀት ልዩነትን ቸል ማለት የማይቻልበት ምክንያትም ይኸው ነው።