አንድ ድምፅ፣ አንድ ፊደል

እኛ ጋዜጠኝነት የምንማር ልጆች «ሠራ» በየትኛው «ሰ» ይጻፋል እያልን ስንከራከር፣ እኔን ትዝ የሚሉኝ ዶ/ር ሉድቪክ ዛመንሆፍ ናቸው። ሰውየው የዓይን ሐኪም ነበሩ። የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1859 ያኔ በሩሲያ ግዛት ሥር በነበረችው ቢያሊስቶክ ከተማ፣ ከአይሁድ ቤተሰብ ነው። በከተማዋ ፖላንዳዊው፣ ሩሲያዊው፣ ጀርመኑና አይሁዱ በየቋንቋው ተከፋፍሎ በጥርጣሬ ይተያይ ነበር። ዛመንሆፍ ገና በልጅነታቸው የጠቡ አንዱ ምክንያት የቋንቋ ልዩነት ነው ብለው አመኑ፤ ለማንም የማያደላ ቋንቋም መፍጠር ጀመሩ።

እ.ኤ.አ. በ1887 ኤስፔራንቶን በአማታቸው ገንዘብ አሳትመው አወጡ፤ የባለቤትነት መብቱንም ለሕዝብ ለቀቁት። የሰዋስው ሕጉ 16፣ ፊደሉ 28 ሲሆን ለአንድ ድምፅ አንድ ፊደል ብቻ ነው። እንደኛ «ሀ፣ ሐ፣ ኀ» ብሎ ነገር የለም! የ«ሸ»፣ የ«ቸ»ና የ«ጀ» ድምፅ አለው፤ «ጠ»ና «ጨ» ግን የሉትም። እኛ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ እያልን በክብርና በፆታ የምንለየውን ሰው ደግሞ በአንድ ቃል ይጠራዋል።

ዶ/ር ዛመንሆፍ እ.ኤ.አ. በ1917 ዋርሶ ውስጥ አረፉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ናዚዎች ሦስቱንም ልጆቻቸውን ገደሉ። ይህን ሳነብ ቋንቋ ብቻውን ጥላቻን አያቆምም አልኩ። ቢሆንም ኤስፔራንቶ ዛሬም ይነገራል። ሰው ከሰው እንዲግባባ መልፋት ከንቱ አይደለም፤ የኛስ ሙያ ከዚህ ሌላ ምንድነው?