የታዋቂ ሰዎች ታሪክ፦ ይድነቃቸው ተሰማ

 

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ናይሮቢ ውስጥ የእንግሊዝ ቡድኖች ጨዋታ በቴሌቪዥን የማይታይበት ሰፈር ማግኘት ያስቸግራል። ከእናንተም መካከል የአርሴናልን ወይም የማንቸስተርን ተጫዋቾች ስም በቃሉ የሚወጣ ብዙ ነው። በእንግሊዝ አገር ሽንፈት የበዛበት ቡድን ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን እንደሚወርድም ታውቃላችሁ። ስሙ የገነነው ሊቨርፑል እንኳ በ1954 ወርዶ ስምንት የውድድር ዘመን እታች ቆይቷል። ቢል ሻንክሊ የሚባለው አሠልጣኝ ከመጣ በኋላ ሁለት ዓመት በተከታታይ ሦስተኛ ወጣ፤ የሚያልፉት ግን ሁለት ቡድኖች ብቻ ነበሩና ቀረ። በሦስተኛው ዓመት፣ በ1962፣ የሁለተኛ ዲቪዚዮንን ዋንጫ ወስዶ ወደ ላይ ተመለሰ።

በዚያው በ1962 አዲስ አበባ ላይ ሁለት ጊዜ ወድቆ በሦስተኛው የተነሳ ሌላ ቡድን ነበረ። እሱም የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ነው። ዛሬ የምናስተዋውቃችሁ የዚያን ቡድን መሪ፣ አቶ ይድነቃቸው ተሰማን ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዘመኑ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን ያዙልን።

ይድነቃቸው የተወለዱት በ1914 ዓ.ም. በዘመን መለወጫ ዕለት ጅማ ከተማ ነው፤ በፈረንጆች ሴፕቴምበር 11 ቀን 1921 መሆኑ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥማቸውና በዜማቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ወደ ጀርመን አገር ሄደው ሳለ ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀርፀዋል፤ እነዚያ ሸክላዎች ከኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ መካከል ናቸው። ልጃቸውንም «ይድነቃቸው» አሉት፤ ይግረማቸው ማለት ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሳይሆን አይቀርም።

በ1935 መጨረሻ፣ ማለትም በ1928 ዓ.ም.፣ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የተባሉ ሰዎች አራዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ የተባለውን ቡድን አቋቋሙ። ይድነቃቸው ያን ጊዜ የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። ቡድኑን ተቀላቅለው ኳስ ማንከባለል ጀመሩ። ነገር ግን ቡድኑ ከተቋቋመ ግማሽ ዓመት ሳይሞላ የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ገባ።

እንግዲህ ልጆች፣ ይህን ልብ ብላችሁ አንብቡ። ፋሺስቶች የከለከሉት ፖለቲካ ብቻ አልነበረም፤ ጨዋታንም በቆዳ ቀለም ለይተው ነበር። ነጭና ጥቁር በአንድ ሜዳ ላይ እንዳይገናኝ ሆነ። ኢትዮጵያውያን ለብቻቸው በተመደበላቸው ውድድር እንዲጫወቱ ተደረገ። ቅዱስ ጊዮርጊስም ስሙ ቀርቶ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» እንዲባል ተገደደ። አንድ የ15 ዓመት ልጅ በገዛ ከተማው ላይ፣ በገዛ ቡድኑ ስም መጠራት ሲከለከል ምን እንደሚሰማው ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልግም። ይድነቃቸው ግን ከሜዳ አልቀሩም። በኋላ ሰውየው ለምን እንዲያ ያለ ግትር አቋም እንደነበራቸው ለሚጠይቅ ሰው መልሱ ከዚህ ይጀምራል።

በ1933 ዓ.ም. አገሪቱ ነፃ ወጣች። በ1943 የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ተመሠረተ፤ ይድነቃቸውም ከዋነኞቹ ሠራተኞቹ አንዱ ሆኑ። በ1944 በተደረገው ውድድር አምስት ቡድኖች ተካፈሉ። የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የኢጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሊምፒያኮስ እንዲሁም የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚስዮን ቡድን ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ሜዳ መገናኘት የተከለከሉ ሰዎች አሁን እጅ ለእጅ ተጨባብጠው በአንድ ፊሽካ ይጫወቱ ጀመር። ቅዱስ ጊዮርጊስ የኢትዮጵያን ሻምፒዮናነት ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘው ግን በ1950 ነው። ከተቋቋመ 15 ዓመት ያህል ቆይቶ መሆኑ ነው።

ይድነቃቸው እስከ 1958 ድረስ 23 ዓመት ሙሉ ከዚህ ቡድን አልተለዩም። በ365 ጨዋታዎች 318 ጎሎች እንዳገቡ ተመዝግቧል። ለብሔራዊ ቡድኑም ተሰልፈዋል።

በፌብሩዋሪ 1957 ይድነቃቸው ገና ተጫዋች ሳሉ ወደ ካርቱም ተላኩ። የግብፅ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ ተወካዮች ተሰብስበው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን፣ በአጭሩ ካፍን፣ ለማቋቋምና የመጀመሪያውን የአፍሪካ ዋንጫ ለማካሄድ ነበር። በዚያን ጊዜ ደቡብ አፍሪካን የሚገዛው የአፓርታይድ መንግሥት ነው። የዚያ አገር ፌዴሬሽን የሚልከው ቡድን ወይ ነጮች ብቻ ወይ ጥቁሮች ብቻ እንዲሆን እንጂ የተቀላቀለ እንዲሆን አልፈለገም። የቀሩት ሦስቱ አገሮች ይህን አልተቀበሉም። ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች። ከአራት አገር አንዱ ሲቀር ውድድሩ እንደሚጎድል ያውቁ ነበር፤ ቢሆንም ሰውን በቀለም የሚለይ ቡድን ከሚገባ ይጉደል አሉ።

ኢትዮጵያ የምትጋጠመው ከደቡብ አፍሪካ ጋር ስለነበር ያለ ጨዋታ ለፍፃሜ አለፈች። በፍፃሜው ግን ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈቻት። በ1959 ካይሮ ላይ በተደረገው ሁለተኛው ውድድር ደግሞ በግብፅ እንደገና 4 ለ 0፣ በሱዳን 1 ለ 0 ተሸነፈች። ከሦስት አገር ሦስተኛ ወጣች ማለት ነው። በሁለት ውድድር ሦስት ጨዋታ፣ ዘጠኝ ጎል ገብቶባት አንድም አላገባችም። እንዲህ ያለ ቡድን በእንግሊዝ አገር ቢሆን ኖሮ የሚጠብቀው መውረድ ነበር።

በጃንዩዋሪ 1962 ሦስተኛው ውድድር አዲስ አበባ ላይ ሆነ። ቡድኑን የመሩት ይድነቃቸው ነበሩ። በመጀመሪያው ጨዋታ ቱኒዚያ ሁለት ጎል አስቀድማ አገባች። ያን ጊዜ ስታዲየም የነበረ ሰው የካይሮው ታሪክ ሊደገም ነው ብሎ ቢሰጋ አይፈረድበትም። የእኛዎቹ ግን አራት ጎል አከታትለው 4 ለ 2 አሸነፉ። ለፍፃሜ የቀረበችው ያችው ግብፅ ነበረች።

ዕለቱ እሑድ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው፤ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን። ግብፅ አስቀድማ አገባች። ጨዋታው ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ያህል ሲቀረው የእኛዎቹ አቻ አደረጉ። ወዲያው ግብፅ ሁለተኛውን ጨመረች። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ እንደገና አቻ አደረገና መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 አለቀ። በተጨማሪው ሰዓት የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ዋንጫውን ለአምበሉ ሰጡ።

አምበሉ ማን እንደነበር ተመልከቱ። ሉቺያኖ ቫሳሎ አባቱ ኢጣሊያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት ናቸው። በልጅነታቸው በኢጣሊያኖች አገዛዝ ከሜዳ የተለዩት ይድነቃቸው በመሩት ቡድን ውስጥ የኢጣሊያዊ ልጅ አምበል ሆኖ ዋንጫ አነሳ። ሰውን በአባቱ ዘር ሳይሆን በእግሩ ሥራና በጠባዩ መመዘን ማለት ይህ ነው።

ውድ አንባብያን፣ እስካሁን የነገርናችሁ በሜዳ ላይ ያለውን ነው። ከባዱ ትግል ግን የተደረገው በአዳራሽ ውስጥ ነበር። የወረደ ቡድን ካሸነፈ ወደ ላይ ይወጣል። አፍሪካ ግን በዚያን ዘመን ሳትሸነፍ ታች እንድትቀመጥ የተፈረደባት ያህል ነበር። ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ፣ እንግሊዝ አገር ለተደረገው፣ 16 ቦታዎች ነበሩ። ፊፋ ከእነዚህ ውስጥ ለአፍሪካ የተረጋገጠ አንድም ቦታ አልሰጠም። የአፍሪካ አሸናፊ ከእስያና ከኦሽንያ አሸናፊ ጋር ተጋጥሞ እንዲያልፍ ወሰነ። ይድነቃቸውና የጋናው ኦሄኔ ጃን ይህን አጥብቀው ተቃወሙ። የአፍሪካ አገሮችም ከማጣሪያው ወጡ።

ይህ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ጋና የ1963ትንና የ1965ትን የአፍሪካ ዋንጫ የወሰደ ድንቅ ቡድን ነበራት። እነዚያ ተጫዋቾች ወደ እንግሊዝ የመሄድ ዕድላቸውን ተነጠቁ። በቦታው የሄደችው ሰሜን ኮሪያ ኢጣሊያን አሸንፋ ሩብ ፍፃሜ ደረሰች። ነገር ግን እምቢታው ፍሬ አፈራ። ለ1970ው ዋንጫ አፍሪካ የራሷ አንድ ቦታ ተሰጣትና ሞሮኮ ሜክሲኮ ገባች። ከዚያ በ1982 ቦታው ሁለት ሆነ።

ይድነቃቸው በ1971 የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል፣ በ1972 ደግሞ የካፍ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በፕሬዚዳንትነት 15 ዓመት፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ አገልግለዋል። በዚያን ጊዜ የፊፋ ፕሬዚዳንት የነበሩት እንግሊዛዊው ሰር ስታንሊ ራውስ ናቸው። ፊፋ በ1961 ያገዳትን ደቡብ አፍሪካን በ1963 እንድትመለስ አድርገው ነበር። የአፍሪካ አገሮች ይህን አልረሱም። እገዳው በ1964 ተመለሰ። በ1974ቱ ምርጫ የአፍሪካ ድምፅ ወደ ብራዚላዊው ዣዎ ሃቨላንዥ አዘነበለና ራውስ ተሸነፉ። በ1976 ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ ጨርሳ ተባረረች። ይድነቃቸው በዚህ ሁሉ ጊዜ ከካርቱሙ አቋማቸው ፈቀቅ አላሉም።

በ1986ቱ የዓለም ዋንጫ ሞሮኮ ከእንግሊዝ፣ ከፖላንድና ከፖርቱጋል ጋር ተመድባ ከሁሉ በላይ ሆና ስትጨርስ ይድነቃቸው በሕይወት ነበሩ። ታች እንድትቀመጥ ተፈርዶባት የነበረችው አፍሪካ ከእንግሊዝ በላይ ስትቆም በዓይናቸው አዩ።

በኦገስት 1987 አራተኛው የመላ አፍሪካ ጨዋታ እዚህ ናይሮቢ፣ ብዙዎቻችሁ በአጠገቡ በምታልፉት በካሳራኒ ስታዲየም ተደረገ። በእግር ኳሱ ፍፃሜ ግብፅ ኬንያን 1 ለ 0 አሸነፈች። ውድድሩ በተዘጋ በሳምንቱ፣ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ ይድነቃቸው ተሰማ አዲስ አበባ ላይ አረፉ። ዕድሜያቸው 66 ሊሞላ ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ የናይሮቢው ጎር ማሂያ እሳቸው ፕሬዚዳንት ሳሉ በ1975 የተጀመረውን የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ወሰደ። ኬንያውያን ጎረቤቶቻችሁን ብትጠይቁ የማንዴላ ዋንጫ ብለው ዛሬም ይተርኩላችኋል። በዲሴምበር ደግሞ ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ አነሳች።

ደቡብ አፍሪካ በ1992 ወደ ካፍ ተመለሰች። በ1996 በገዛ አገሯ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አሰልፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። በ1957 ካርቱም ላይ አይሆንም የተባለው ቡድን ከ39 ዓመት በኋላ ዋንጫ ይዞ ቆመ። ይድነቃቸው ግን ይህን አላዩም። ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ የተሰጠው ቀጥተኛ ቦታ ዘጠኝ ነው። በ1966 አንድም አልነበረም።

ልጆች፣ ከዚህ ሰው ሕይወት ምን እንማራለን? እኛ ያለነው በሰው አገር ነው። ወረቀት እየጠበቅን፣ ወረፋ እየያዝን፣ አንዳንዴም ተጫውተን ሳንሸነፍ ታች እንደተቀመጥን የሚሰማን ቀን አለ። ይድነቃቸው በእንዲህ ያለ ቀን ሁለት ነገር አደረጉ። አንደኛ፣ ከሜዳ አልቀሩም። ሁለተኛ፣ እሳቸው ላይ የተደረገውን ሌላው ላይ እንዲደረግ አልፈቀዱም። ስለዚህ ዛሬ ማታ ኳስ ስትጫወቱ ቋንቋው ከቋንቋችሁ የተለየውን ልጅ፣ ትናንት የመጣውንም ልጅ፣ እናንተ ቡድን ውስጥ አስገቡት። አምበል የሚያደርገው ጨዋታው እንጂ አገሩ አይሁን።

ወላጆችም ልጃችሁ ጫማውን ቀዶ፣ ጉልበቱን ልጦ ሲመጣ ብትቆጡ አይገርመንም፤ ጫማ በዚህ አገር ውድ ነው። ቢሆንም ደብተሩን አይታችሁ የቤት ሥራው ካለቀ ሜዳውን አትከልክሉት። አፍሪካን በዓለም መድረክ ያቆሙት ሰው ትምህርታቸውን የጀመሩት አራዳ ሜዳ ላይ ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፦

1ኛ. በ1957 ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ እንድትወጣ ያደረገው ምን ነበር?

2ኛ. የአፍሪካ አገሮች ከ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ መውጣታቸው ምን አስቀረባቸው? ምንስ አስገኘላቸው?

3ኛ. እናንተ ከቡድን ውጭ የተደረጋችሁበት ቀን አለ? በኋላ ሌላ ልጅ ውጭ ሆኖ ስታዩት ምን አደረጋችሁ?

መልሳችሁን በደብተራችሁ ጽፋችሁ ለአማርኛ መምህራችሁ አስረክቡ።