ከቀመሩ ጀርባ ያለው ሰው
የሙቀት ማስተላለፍ ኮርስ የወሰድን ሁሉ የፉሪየርን ሕግ እናውቃለን። እኔ ዛሬ ስለ ሰውየው ላውጋችሁ።

ጆሴፍ ፉሪየር እ.ኤ.አ. በ1768 ኦሴር በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ከልብስ ሰፊ አባት ተወለደ። ገና በልጅነቱ ወላጆቹን አጣ። በአብዮቱ ዘመን ታሰረ፤ በ1798 ከናፖሊዮን ጋር ወደ ግብፅ ሄደ። ሲመለስ በግሬኖብል የክፍለ ሀገር አስተዳዳሪ ሆኖ ተሾመ። ሙቀት በጠጣር ነገር ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ የመረመረው ከዚህ ሥራው ጎን ለጎን ነው።

ጥናቱን በ1807 ለፓሪስ ምሁራን ሲያቀርብ ላግራንዥ የሂሳቡን መንገድ ተቃወመ። በ1812 ሲሸለምም ትችቱ አልቀረለትም። መጽሐፉ የታተመው በ1822፣ ከ15 ዓመት በኋላ ነው።

ለእኛ ዛሬ ሥራው አጭር ነው። የጡብ ግድግዳ ውፍረቱ 0.2 ሜትር፣ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ 0.7፣ የሁለቱ ገጽ የሙቀት ልዩነት 20 ዲግሪ ሆኖ ካልተለዋወጠ፣ 0.7ን በ20 አባዝተን ለ0.2 እናካፍላለን፤ በካሬ ሜትር 70 ዋት ያልፋል። በቱቦ ግን ሙቀቱ ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር የሚያልፍበት ስፋት ይጨምራል፤ ስለዚህ የውጭው ራዲየስ ለውስጡ ተካፍሎ ሎጋሪዝሙ ይወሰዳል።

ብዙዎቻችን እየሠራን እንማራለን። እኔም ከሥራ መልስ ደብተሬን ስገልጥ፣ ይህን ሕግ የሰጠን ሰው ውሎው ቢሮ እንደነበር አስባለሁ።